የንጋት ውሃ ተራ

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ በዋለው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ጭነቱን ወደ ወንዝ ለቀቀ። በቦታው የነበርነው ሾፌሩና እኔ ነን።

ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በምሠራበት ሬዲዮ ያነበብሁት ዜና ግን «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ወንዙ የሚለቀቅ ፍሳሽ አይኖርም» የሚል ነበር። ዐረፍተ ነገሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስጨመረኝም።

የወንዙንም፣ ፍሳሹ የመጣበትን ከተማም ስም እዚህ አልጽፍም። ሌሎች ሰዎች ያጎደሉትን ነገር በጊዜው በዜና ዘግቤዋለሁ፤ እነሱም መልስ ሰጥተውበታል። አሁን የምጽፈው የራሴን ነው።

የዚያን ማክሰኞ ድልድዩ ጋ የተገኘሁት በአጋጣሚ ነው። መርሳ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ ወርዶ ገበሬው ማሳ ላይ እየተወው ነው ስለተባለ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከወልድያ ወጣሁ። ከድልድዩ ትንሽ መለስ ብሎ ከጣሪያው የታሰረ ፍራሽ ገመዱ ላላና ሚኒባሱ ቆመ። እግሬን ላፍታታ ወረድሁ። ሽታው ቀድሞ መጣ፤ ከዚያ መኪናውን አየሁት። ከጎኑ የወጣው ወፍራም ቱቦ በድልድዩ ግንብ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚኒባሱን እንዲሄድ ነገርሁትና ወደ ታች ወረድሁ።

ሾፌሩ ጓንት ያጠለቀ፣ አፉን በፎጣ የሸፈነ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው።

«ፎቶ እንዳታነሣ» አለኝ፣ ፎጣውን ሳያወርድ።

«አላነሣሁም። እዚህ የምታራግፈው ለምንድን ነው? ማድረቂያው ተመርቆ የለም እንዴ?»

«ተመርቋል። አንተስ አልነበርህም? ማይክ ይዘህ ፊት ለፊት የቆምኸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ዳገቱን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ስትወጣውም አይቻለሁ።»

ፎጣውን አወረደና ሳቀ። «የዚያን ቀን የያዝኩት ሲሶ ነው። ሙሉ ብይዝ መሐል ላይ ይንሸራተትና እናንተው ላይ ነበር የሚመጣው። ጋዜጠኛ ሆነህ ጎማ አታይም? የጠገበ መኪና ጎማው ይተኛል። የዚያን ቀን የእኔ ጎማ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ነበር።»

«ዳገቱን በሙሉ ጭነት እንደማትወጣው ለሚመለከታቸው ተናግረሃል?»

«ተናግሬአለሁ። ጠጠር ይለብሳል ተባለ። እስኪለብስ ድረስ ሆቴሎቹ ሽንት ቤታቸውን ቆልፈው ይጠብቁኝ?»

ሰዓቱን ጻፍሁ። የተናገረውንም ቃል በቃል ጻፍሁና አነበብሁለት። «ስሜን ብቻ ተወው» አለኝ። ቱቦውን ጠቅልሎ ሲሄድ ጎማዎቹን አየኋቸው። ባዶ ስለነበር ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ከድልድዩ በታች፣ በእግር አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ቦታ ላይ፣ ገበሬዎች ወንዙን በድንጋይና በአፈር ጠልፈው ወደ ቦይ የሚያስገቡበት መጥለፊያ እንዳለ አውቃለሁ። ያለፈው ዓመት በጋ ላይ ሄጄበታለሁ። የተለቀቀው ነገር በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ለመለካት የሸንበቆ ቁራጭ ወደ ውሃው ጣልሁና በዳር በዳር ተከተልሁት። ሁለት ጊዜ ድንጋይ ሥር ተወተፈ፤ ሁለት ጊዜ አወጣሁት፤ በሦስተኛው ተውሁት። ከዚያ በኋላ የውሃውን ቀለም እያየሁ ሄድሁ። ወንዙ ሲሰፋ ቀለሙ እየሳሳ መጣ፤ ከግማሽ መንገድ በኋላ በዓይን የሚለይ ነገር አልነበረም። ይህንንም ጻፍሁ፤ በዓይን አይቶ መፍረድ ለሚፈልግ ሰው ውሃው ንጹሕ ነበር።

መጥለፊያው ጋ ስደርስ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል። የቦዩ አፍ ክፍት ነበር። በቦዩ ዳር አንዲት ሴት ተንበርክካ ቢጫ ጄሪካን ትሞላለች። ከኋላዋ ያለው ማሳ ቲማቲምና ቃሪያ ነው፤ ውሃው በየመደቡ መሐል ገብቶ ያብለጨልጫል።

«እህቴ፣ ይህን ውሃ ለምንድን ነው የምትቀጂው?»

«ለመጠጥ ነዋ። ቦኖው ከጦርነቱ ወዲህ መቼ ሠርቶ ያውቃል?»

«አሁን እላይ ድልድዩ ጋ የሽንት ቤት ፍሳሽ ሲለቀቅ አይቼ ነው የመጣሁት።»

ጄሪካኑን ቀና አድርጋ አየችኝ። «ያ እኮ ቆሟል።»

«ማን አለሽ?»

«ሬዲዮው ነዋ። የውሃ አባታችንም ሰምተው ነው የንጋቱን ተራ መልሰው የከፈቱልን። ተራው የእኔ ነው፤ ዓመት ሙሉ ተዘግቶብኝ ከርሟል። አሁን ደግሞ አንተ መጥተህ ልታዘጋብኝ ነው?»

ያነበብሁት እኔ ነኝ አላልኋትም። ያን ጊዜ ማለት ነበረብኝ። «የውሃ አባታችሁ የት ናቸው?» ብቻ ነው ያልኋት። በእጇ ከማሳው ማዶ ፓፓያ ወደተተከለበት ቤት አመለከተችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ከጄሪካኑ ግማሹን መሬት ላይ አፍስሳ የፈሰሰውን ጎንበስ ብላ ታየው ነበር።

ስለ ምርቃቱ ቀን ልናገር።

ማድረቂያው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የተሠሩ፣ ጠጠርና አሸዋ የተነጠፈባቸው ሰፋፊ የሲሚንቶ ገንዳዎች ናቸው። መኪናው ያራግፍባቸዋል፤ ውሃው በአሸዋው ሾልኮ ይጠራል፤ የቀረው ይደርቅና ይነሣል። ቀላል ሥራ ነው፤ ወንዝም ያድናል። ይህን አሁንም አምናለሁ። የዚያን ቀን ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ሪባን ተቆርጧል። ከዚያ መኪናው ዳገቱን ወጣ፤ አራገፈ፤ ተጨበጨበ።

እኔ እንደ ልማዴ ብዙ ነገር አጣርቻለሁ። የገንዳዎቹን ብዛት ራሴ ቆጥሬአለሁ። የግንባታው ኃላፊ ሥራው የፈጀውን ጊዜ ሲነግረኝ ከሌላ ሰው አመሳክሬአለሁ። የአንድ ተናጋሪ ማዕረግ ላይ ጥርጣሬ ስለነበረኝ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። ወደ ገንዳዎቹ ግርጌ ወርጄ የሚወጣውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ በብርሃን አይቻለሁ። በዚህ ሁሉ መሐል መኪናው ምን ያህል ጭኖ እንደወጣ አልጠየቅሁም። ሾፌሩ ከእኔ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። ሌላውን ሁሉ አነጋግሬ እሱን አለፍሁት።

ቢሮ ስመለስ «ማድረቂያው ተመረቀ» ብዬ ጻፍሁ። እውነት ነው። «ሥራ ጀመረ» ብዬ ጨመርሁ። በከፊል እውነት ነው። ከዚያ ዜናው መጨረሻ ስላልነበረው ያችን ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ። ሃያ ዓመት በሠራሁበት ሙያ፣ አድማጭ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ዜና የሚዘጋበት መስመር እንደሆነ አውቃለሁ።

የውሃ አባት ማለት በዚያ አካባቢ ገበሬዎች ራሳቸው መርጠው የቦዩን ውሃ በሰዓት የሚያደላድልላቸው ሰው ነው። ማን ሰኞ ጠዋት፣ ማን ማክሰኞ ከሰዓት እንደሚያጠጣ እሱ ይወስናል፤ በውሃ የተጣላ እሱ ዘንድ ይዳኛል። ደመወዝ የለውም። ያለው ቃሉ ነው። እኚህ ሰው ከአባታቸው በኋላ ተመርጠው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ያለፈው ዓመት ስለ መስኖ ፕሮግራም ስሠራ ግማሽ ቀን አብሬአቸው ውያለሁ። መቅረጫውን ከፍቼ ድምጼን መልሼ ሳሰማቸው «ድምጽህ ከአንተ ይወፍራል፤ ሬዲዮው ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» ብለው አስቀውኝ ነበር።

ያኔ ነው የንጋቱን ነገር የነገሩኝ። የመምጠጫ መኪናው የሚያራግፈው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ፣ ቆሻሻው መጥለፊያው ጋ የሚደርሰው በንጋቱ ተራ ላይ ነው። ስለዚህ የንጋቱን ተራ ዘጉት። በዚያ ሰዓት የቦዩ አፍ ይደፈናል፤ ውሃው እንዲያው ያልፋል። ተራቸው የቀረባቸው ሰዎች፣ በተለይ ያቺ ሴት፣ አጉረመረሙ። እሳቸው አልከፈቱም። ሕጋቸውንም ነገሩኝ፤ ቦይ ለመዝጋት አንድ ያየ ምስክር ይበቃል፤ የተዘጋ ተራ ለመክፈት ግን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ይህንን በፕሮግራሜ አስተላልፌዋለሁ። «የሰው አፍ ብዙ ነው፤ ዓይን ግን ሁለት ነው» ያሉትን ቆርጬ መግቢያ አድርጌው ነበር።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ከቤታቸው ደጅ የአካፋ እጀታ ሲያበጁ አገኘኋቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባቴ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ድምጹ መጣ፤ ሰውየው የት ቀረ?» አሉና ተነሡ። «ግባ እንጂ። ምነው እንዲህ በጠዋቱ? ጫማህስ ምን ሆኗል?»

ሳልቀመጥ ነገርኋቸው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሾፌሩ ያለውን። የተናገርሁት ሁሉ ከማስታወሻዬ ነው። እጀታውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ መጥለፊያው ሄዱ፤ ተከተልኋቸው። በሣርና በድንጋይ የቦዩን አፍ ደፈኑት። ሴትዮዋ ቆማ ታያለች።

«ተዘጋ?» አለች።

«ተዘጋ።»

«በማን ምስክርነት?»

«በዚህ። አይቷል። ለመዝጋት አንድ ይበቃል።»

እሷ ወደ እኔ ዞር አለችና «ይኸ ማን ነው?» አለች። «የሬዲዮው ነው» አሏት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ጄሪካኗን አንሥታ ሄደች።

ከዚያ ነው የጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ለመክፈት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ብለውኝ አልነበር? በማን ምስክርነት ከፈቱት?»

«አንዱ የእኛው ሰው ነው፤ ምርቃቱ ላይ ነበር። መኪናው ላይ ወጥቶ ሲያራግፍ አይቷል።»

«ሁለተኛውስ?»

እጃቸውን በውሃ እየታጠቡ ነበር፤ ያን ሲሉ ቀና አላሉም። «ሁለተኛው አንተ ነህ። አውቅሃለሁ። እዚሁ ውለህ፣ ቦዩን ለክተህ፣ ያልሁህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ያስተላለፍህ ሰው ነህ። በሬዲዮ ስሰማህ፣ አይቶ ነው የሚናገር አልሁ።»

ምን እንደመለስሁ ማስታወሻዬ ላይ የለም።

ወደ ወልድያ የተመለስሁት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፤ ሽንኩርቱን አልሠራሁትም። ለአርታኢዬ ነገርሁት። «መታረም አለበት» አለ፤ «ግን የሚመለከታቸው ምላሽ ይካተት።» ደንቡ ነው፤ እኔም ለጀማሪዎች የማስተምረው ደንብ ነው። ረቡዕ ወደ ከተማው አስተዳደር ደወልሁ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ሐሙስ በደብዳቤ ጠይቅ ተባልሁ፤ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ዓርብ ከሰዓት መልሱ መጣ፤ ዳገቱ ጠጠር እንደሚለብስ፣ እስከዚያ መኪናው በግማሽ ጭነት እንዲመላለስ እንደታዘዘ ይገልጻል። ማስተካከያው ዓርብ ማታ ተላለፈ። «ከዚህ ቀደም ሙሉ በሙሉ እንደቆመ ተደርጎ የተዘገበው» ይላል። ማን እንደዘገበው አይልም። ያችንም ዐረፍተ ነገር የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ለመጀመሪያው ዜና የማንንም ምላሽ አልጠበቅሁም ነበር። ለማስተካከያው ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ከዚያ በታች ባሉ ሌሎች ሁለት መጥለፊያዎች የሚጠቀሙ ሰዎች ምን እንዳደረጉ አላውቅም። ሄጄ መንገር እችል ነበር፤ የሚኒባስ መንገድ ነው።

ዳገቱ በኋላ ጠጠር ለብሷል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። መኪናው ሙሉ ጭኖ ሲወጣው ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ይወጣዋል ብዬ አልጽፍም።

በሚቀጥለው ሳምንት የውሃ አባቱ ደወሉልኝ። ተራው ክፍት ሆኖ በከረመባቸው ሳምንታት በቦዩ ዳር ካሉት ቤቶች ሆድ የታመመ ሰው በርክቷል፤ የሴትዮዋ ልጅም ጤና ጣቢያ ገብታ በግሉኮስ ነው የወጣች። ጤና ጣቢያው ሄጄ ጠየቅሁ። ነርሷ «ተቅማጥ ነው፤ ከምን እንደመጣ የምናውቅበት ምርመራ እዚህ የለንም። በዚህ ወቅት ሁልጊዜም ይኖራል» አለችኝ። ስለዚህ በውሃው ምክንያት ነው ማለት አልችልም። አይደለም ማለትም አልችልም። ልጅቷ ዳነች፤ ይህን ከእናቷ ሰምቻለሁ፤ በኋላም ቦዩ ዳር ስትሮጥ አይቻታለሁ።

የደወሉልኝ ግን ለሌላ ነገር ነበር። ገበሬዎቹ ለጉባኤ ተጠርተዋል። ጥያቄው የውሃ አባቱ የተዘጋ ተራ የከፈቱት በሕጉ ነው ወይስ ከሕጉ ውጭ ነው የሚል ነው። ከሕጉ ውጭ ነው ከተባለ ይሻራሉ።

«ልምጣ?» አልኋቸው። «ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ልንገራቸው።»

«ና። ግን የምትጠየቀውን ብቻ መልስ። እዚህ ንግግር አይወደድም።»

ጉባኤው የተደረገው በታኅሣሥ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከመጥለፊያው በላይ ካለ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ነው። ዱአ ተደረገ፤ አሚን ተባለ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ክርስቲያኖቹ ገበሬዎችም ነበሩ፤ ቦዩ አንድ ነው። ሴትዮዋ በሟች ባሏ ስም የተራ ባለቤት ስለሆነች ከፊት ተቀምጣለች። ጉባኤውን የሚመሩት ሽማግሌ ረጅም፣ አንድ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። የውሃ አባቱ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከእኔ ጎን ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያ ምርቃቱ ላይ የነበረው ገበሬ ተጠየቀ። መኪናው ወጥቶ ሲያራግፍ አየሁ አለ። ከዚያ እኔ እንድናገር ተፈቀደ። ዜናውን የጻፍሁት እኔ እንደሆንሁ፣ መጠየቅ የነበረብኝን እንዳልጠየቅሁ፣ የውሃ አባቱ ያመኑት እኔን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የዋሸኋቸው ነገር ስላልነበረ ማመናቸው ጥፋት እንዳልሆነ ተናገርሁ። ከታዘዝሁት በላይ ተናገርሁ።

«መልካም ተናገርህ» አሉ ሽማግሌው። «ከሕዝቡ የሚጠይቀው አለ?»

«እኔ አለኝ» አለች ሴትዮዋ።

«ጠይቂ።»

«‹ከዛሬ ጀምሮ አይለቀቅም› ብለሃል። አይተሃል?»

«ምኑን?»

«ያልኸውን ነዋ። አለመለቀቁን።»

ከኋላ አንድ ሰው «ሬዲዮ እግር የለው፤ ወርዶ ያይ ይመስል» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

ያ ጥያቄ ምን እንደሚወስን ወዲያው ገብቶኛል። አይቻለሁ ካልሁ ሁለተኛው ምስክር ቆመ፤ የከፈቱት በሕጉ ነው፤ ምስክሩ ቢሳሳት ጥፋቱ የምስክሩ ነው። ማለት የምችልበትም መንገድ ነበረኝ። ማድረቂያውን አይቻለሁ፤ መኪናውን አይቻለሁ፤ ከግርጌ የወጣውን ውሃ በጠርሙስ አይቻለሁ። «አይቻለሁ» ብል ቃሉ ብቻውን ሐሰት አይሆንም ነበር። የውሃ አባቱ ወደ እኔ አልዞሩም። በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ነካ ነካ ያደርጉ ነበር።

«አላየሁም» አልሁ። «አንድ መኪና አንድ ጊዜ ሲያራግፍ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ ሄጄ አላየሁም።»

«እንግዲህ አንደኛው ምስክር ድግሱን አየ» አሉ ሽማግሌው። «ሁለተኛውም ምስክር ድግሱን አየ። ወንዙን ማን አየ?»

የመለሱት የውሃ አባቱ ራሳቸው ናቸው። «ማንም።»

«አንተስ ለምን አላየህም?»

«ደክሞኝ ነበር፤ ላይ ድልድዩ ድረስ ጎህ ሳይቀድ መውጣት ጉልበቴ እንቢ ብሏል። የሷም እሮሮ ከብዶኛል» አሉ ወደ ሴትዮዋ እያዩ፤ «ማሳዋ ዓመት ሙሉ ደርቆ እያየሁ። መክፈቻ እፈልግ ነበር። ሬዲዮው ሲል ያዝሁት። ምስክር አድርጌ የቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምስክር ልሁን አላለም።»

«አልፈረድሁብዎትም፣ አባባ» አለች ሴትዮዋ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። «ግን ተራውን ለእኔ ሲከፍቱ ልጄ ከዚያ ጠጣች። መጠየቅ አለብኝ።»

«ጠይቂ እንጂ። መጠየቁ ነው ደግ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። ያጠፋ ያላጠፋ የሚል ክርክር ይነሣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተነሣም። እጅ እንዲያወጡ ተደረገ። ከሕጉ ውጭ ነው ያሉት በዙ። ስቆጥር የውሃ አባቱ እጅም ከእነሱ ጋር ወጥቶ ነበር። ወዲያው አዲስ ተመረጠ፤ ከማዶ ያለ፣ እድሜው ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ የሆነ ገበሬ። የመጀመሪያ ትእዛዙ የንጋቱ ተራ እንደተዘጋ እንዲቆይ፣ ድልድዩም ጋ ሰው በየተራ እየወጣ እንዲያይ ነው። ሴትዮዋ የቀን ተራ ተሰጣት።

ሲበተኑ የቀድሞው የውሃ አባት ወደ መኪና መንገዱ ሸኙኝ። መሸኘቱን እንዲተውት ለመንኋቸው፤ እንቢ አሉ። በቃ ልንለያይ ስንል ቆሙ።

«ሾፌሩ ሲሶ ነው አይደል ያለህ?»

«አዎ፣ አባቴ። ሲሶ።»

«ሲሶ» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ከወደ ውርጌሳ የመጣ ሚኒባስ በእጃቸው አስቆሙልኝና ለሾፌሩ «ይህን ሰው ወልድያ አድርሰው፤ መንገድ ላይ እንዳታወርደው፣ ወርዶ ነገር ያያል» አሉት። ሾፌሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያኔ መሳቄን አሁን ሳስበው ከሁሉ ይልቅ እሱ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ ዜናዬን የምዘጋበትን መስመር አርታኢዬ ሳያይ ራሴ የምሰርዝበት ቀን ብዙ ነው። «አጭር ሆነብህ» ይለኛል። አጭር ይሁን እለዋለሁ። ስለ ፍሳሽና ስለ ወንዞች ብዙ ሠርቻለሁ፤ ከደሴ የመጡ ባለሙያዎች ውሃውን ሲቀዱ አብሬ ቆሜአለሁ፤ ውጤቱ ሲመጣ ዘግቤአለሁ። ሾፌሩንም ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፤ ሲያየኝ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግልኛል። ወደ ቦዩ ግን ለረጅም ጊዜ አልሄድሁም። ሥራ በዛ እል ነበር። ሥራ አልበዛም።

የሄድሁት ባለፈው ዓርብ ነው። አዲሱ የውሃ አባት የተራውን ድልድል የጻፈበትን ደብተር አሳየኝ። በድሮው ልማድ የውሃ አባት የሆነ ሰው የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ሁሉም ካጠጣ በኋላ በተረፈው ነው፤ የራሱ ሰዓት የለውም። አሁን የቀድሞው የውሃ አባት ስም እንደ ማንኛውም ገበሬ በዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ተራቸው ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው። እሳቸውን ቤት አላገኘኋቸውም፤ መስጊድ ናቸው አሉኝ። ወደ ማሳቸው ሄጄ አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ የሚገባው ቦይ ውሃ ነበረው።